ባትሪ ተቀይሮለት ዝም ያለው የቪትዝ ሪሞት

ቅዳሜ ረፋድ

ሥራው የአጎቴ ነው። መኪናዋ ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ናት፣ ከጃፓን ያገለገለች ሆና የገባች። ቁልፉ የብረት ቁልፍና ሪሞት በአንድ ላይ የያዘ ዓይነት ነው፤ ሁለት በተን ብቻ አለው፣ አንዱ መቆለፊያ፣ አንዱ መክፈቻ። ተለዋጭ ቁልፍ የለም። ስትገዛም አንድ ብቻ ነበራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሪሞቱ እየደከመ መጣ፤ በሩ ድረስ ካልተጠጉ አይሰማም ሆነ። አጎቴ ገበያው አካባቢ ካለ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ባትሪ አስቀየሩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጭራሽ ዝም አለ። ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ቢወስዱት «ባትሪው ሲወጣ ኮዱ ጠፍቷል፣ አዲስ ሪሞት ይግዙ» ተባሉ። ወደ እኔ ያመጣቸው የአዲሱ ሪሞት ዋጋ ነው።

ሥራውን ሳልጀምር አንድ ነገር ልበል፤ «ኮዱ ጠፋ» የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም። የሪሞቱ መለያ ቁጥርና ቆጣሪው የሚቀመጡት ኢኢፕሮም በሚባል ማህደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ይህ ማህደረ ትውስታ ኃይል ቢቋረጥበትም የተጻፈበትን ለብዙ ዓመታት ይዞ ይቆያል። ባትሪያቸው ከወጣ በኋላ ከመኪናው ጋር እንደገና መተዋወቅ የሚፈልጉ አንዳንድ የአውሮፓ ሥሪት ሪሞቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ የቪትዝ ግን ከእነሱ አይደለም። ባትሪ ማውጣት ኮድ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳር ውስጥ ከሚርመሰመሱት ቪትዞች ስንቱ በሪሞት ይከፈት ነበር? ባትሪ ተቀይሮለት ወዲያው የሞተ ሪሞት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እጅ የነካውን ቦታ ነው፦ ባትሪውን፣ ባትሪው የሚያርፍባቸውን ብረቶች፣ ብረቶቹ የተበየዱበትን ቦርድ። ፕሮግራም የሚባለው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ያውም ሪሞቱ ማስተላለፉ ከተረጋገጠ በኋላ።

«ሞተሩስ ይነሳል?» አልኳቸው።

«ይነሳል እንጂ! ሞተሩማ ምን ሆኖ።»

ይህ መልስ የሥራውን ግማሽ ያቀልላል። ቁልፉ ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አሉ። አንደኛው በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሪሞት ነው፤ ባትሪ የሚፈልገው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ቺፕ ነው። ቺፑ ባትሪ የለውም፣ አይፈልግምም፤ በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው ጥቅል ሽቦ ነው ኃይሉን በቅርበት የሚሰጠው። ሞተሩ ከተነሳ ቺፑ አለ፣ ጤነኛም ነው። አዲስ ሽፋን ገዝቶ ቦርዱን ብቻ ያዛወረ፣ ቺፑን ከአሮጌው ፕላስቲክ ጋር የጣለ ሰው ግን ሌላ ችግር ይገጥመዋል፦ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። የአሮጌ ቁልፍ ሽፋን ቢሰበርም ቺፑ እስኪገኝ ድረስ አይጣልም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ቁልፉን ከፈትኩት። ከጀርባው አንዲት ትንሽ ቪቴ አለች፤ ጫፏ ሊበላ ደርሷል፣ ስንቱ ካቻቢቴ እንዳዞራት እንጃ። ክዳኑ ሲነሳ ሪሞቱ ለብቻው በትንሽ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይወጣል። ያንን ቤት የምከፍተው በጥፍር ነው። በካቻቢቴ ጫፍ የሚፈለቅቅ ሰው አብሮ ቦርዱን ይፈለቅቃል።

ውስጡ ያለው ባትሪ ሲአር2016 ነው፣ ትክክለኛው። ቁጥሩን ማንበብ ለማያውቅ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ስፋቱ ናቸው፣ 20 ሚሊሜትር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውፍረቱ ናቸው፣ 1.6 ሚሊሜትር። ሲአር2032 ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 3.2 ነው፤ እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱም ሦስት ቮልት ናቸውና በኤሌክትሪክ ረገድ ጠላት አይደሉም፣ ቦታው ግን አይበቃቸውም።

ይህንን ለአጎቴ ሳብራራ «እህ!» አሉ። «የሱቁ ልጅ መጀመሪያ ወፍራሙን ነበር የሞከረው። ቀጭኑ አልቋል ብሎ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ክዳኑ እምቢ ሲለው ከጎረቤት ሱቅ ቀጭኑን አመጣ።»

ይህችን ወሬ በቀይ አሰመርኩባት። 3.2 ሚሊሜትር ለ1.6 በተሠራ ቤት ውስጥ በአውራ ጣት ሲገፋ አንድ ነገር መታጠፍ ወይም መሰንጠቅ አለበት።

ቢሆንም በተራ ነው። መጀመሪያ ባትሪው። በቴስተር አዲሱን ለካሁት፤ 3.2 ቮልት። አሮጌውን አጎቴ አልጣሉትም፣ የመኪናዋ መተርኮሻ ውስጥ ነበር፤ እሱም 2.9 አሳየ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ 2.9 ሲያይ «ይሄማ ደህና ነው» ይላል። ሥራ ያልያዘ ባትሪ ቮልቱ ያታልላል። በተኑ ሲጫን ሪሞቱ ለአፍታ ከዐሥር ሚሊአምፔር በላይ ይስባል፤ ጥያቄው ባትሪው በዚያች አፍታ ምን ይሆናል ነው። ስለዚህ የ220 ኦም ሬዚስተር በሁለቱ የባትሪው ፊቶች መካከል ይዤ እንደገና ለካሁ። አዲሱ ወደ 2.9 ወርዶ እዚያው ጸና። አሮጌው እያየሁት ከሁለት በታች ዘቀጠ። የባትሪ ቅየራው ተገቢ ነበር፣ አዲሱም ባትሪ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሻጩን በባትሪው በኩል መውቀስ አይቻልም።

በነገራችን ላይ መተርኮሻ ውስጥ የተጣለው ባትሪ አላስደሰተኝም፤ የልጅ ልጆቻቸው በዚያች መኪና ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ልጅ ከዋጠው ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ለዚህም ነው አንዳንድ አምራቾች ልጅ እንዲተፋው መራራ ነገር የሚቀቡት። ያ ቅብ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዳንዴ ብረቱ ከብረት ጋር እንዳይነካካ ይከላከላል፣ አዲስ ባትሪ ገብቶም ዕቃው ይሞታል። የኛው ቅብ የለውም፤ ግን ለጥንቃቄ በአልኮል ጠረግሁት። የአሮጌውን ሁለት ፊት በፕላስተር ጠቅልዬ ለብቻው አኖርኩት።

የመደመር ምልክቱ በየት በኩል እንደሚሆን ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል። ትክክል ነበር።

ቅዳሜ ማታ

ባትሪው ደህና ከሆነ ኤሌክትሪኩ የት ላይ ነው የሚጠፋው? ባትሪውን በቦታው አስቀምጬ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው የመቀነስ ፊት፣ ቀዩን በመደመሩ ላይ አደረግሁ፤ 3.2። ጥቁሩን ከባትሪው አንስቼ ያ የመቀነስ ብረት ቦርዱ ላይ ከተበየደበት ወዲያ ባለው የመዳብ መስመር ላይ አሳረፍሁት፤ ዜሮ። አንዳንዴ ብልጭ ብሎ ሁለት ቮልት ያህል ያሳይና ወደ ዜሮ ይመለሳል።

የመቀነሱ ብረት ቀጭን ምላስ ናት፣ ባትሪውን ከሥር ትይዛለች፤ እግሯ ቦርዱ ላይ በሊድ (ቀልጦ በሚይዘው የብየዳ ብረት) ተበይዷል። ምላሷን በክብሪት እንጨት ቀስ ብዬ ወደ ታች ስጫናት ቴስተሩ 3.2 አለ። ስለቃት ዜሮ። የስልኬን ካሜራ አቅርቤ አጉልቼ አየሁት። በእግሯ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ ይታያል፤ ሊዱ ከብረቱ ተላቋል፣ ግን ስላልተነቀለ በዓይን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ወፍራሙ ባትሪ በአውራ ጣት ሲገፋ ምላሷን ወደ ታች ፈለቀቃት፣ እግሯም ተሰነጠቀ። ታሪኩ ይኸው ነው።

አጠገቡ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት አለ። እሱ የሻጩ ሥራ አይደለም፣ የክረምቱና የጣና እርጥበት ነው። አጎቴ የሚኖሩት ለሐይቁ ቅርብ ነው፤ ቁልፉ ሌሊቱን መስኮት ሥር ያድራል፣ የሪሞቱ የጎማ ማሸጊያም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መጀመሪያ ላይ ሪሞቱ «እየደከመ መጣ» ያሉት ከባትሪው እርጅና በተጨማሪ ይህ ዝገት ይመስለኛል።

ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል ነው ያለኝ፣ 70 በመቶ። ቀሪው ውኃ ስለሆነ ከጠረጉበት በኋላ በደንብ መድረቅ አለበት። አጎቴ «የኛን አረቄ ብናደርግበትስ?» አሉ፤ ውኃው ከዚህም እንደሚበዛ ነግሬ ለእራት እንዲያቆዩት ለመንኳቸው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነክሬ አረንጓዴው እስኪለቅ ፈገፈግሁ፤ መዳቡ ከሥሩ አልተበላም፣ ደግ ነገር ነው።

ካውያውን ልሰካ ስል መብራት ጠፋ። ቀሪው ለነገ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

መብራት መጥቷል። ባትሪውን አውጥቼ ከጠረጴዛው አራቅሁት፤ የሊቲየም ባትሪ ባለበት ካውያ ማስጠጋት የለም።

ይህች ብየዳ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ሁለት ነገር ካልተጠበቀ ሥራው ይበላሻል። አንደኛው ፋብሪካው የበየደበት ሊድ ነው። እርሳስ የሌለበት ዓይነት ከሆነ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እኛ የምንጠቀምበት እርሳስ የተቀላቀለው 183 ላይ ይቀልጣል። የቀድሞውን በጉልበት ለማቅለጥ ካውያውን አስረዝሞ የያዘ ሰው መዳቡን ከቦርዱ ያስለቅቃል፤ ያ ከሆነ ወዲያ ነገሩ ሽቦ መጎተት ነው። የማደርገው እንዲህ ነው፦ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ፍለክስ (ሊዱ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳው ቅባት)፣ በካውያው ጫፍ ላይ ትንሽ አዲስ ሊድ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ቀለል ባለ ሙቀት ይፈሳሉ። ሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ እጅ ማንሳት። ሁለተኛው ነገር ምላሷ ናት፤ ሊዱ እስኪረጋ ድረስ ብትነቃነቅ እንደገና ያው ስንጥቅ ይፈጠራል። በቀጭን ወረንጦ በትክክለኛው ከፍታዋ ይዣት ቆየሁ።

ሊዱ ሲረጋ ጥርት ብሎ አበራ። ፍለክሱን በአልኮል ጠርጌ አደረቅሁት። በመዳቡ መስመር ላይ ስለካ 3.2፤ ምላሷን ብነካካትም አይንቀሳቀስም። ባትሪው ገባ፣ በተኑን ጫንሁ፣ ትንሿ ቀይ መብራት በራች።

አጎቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ወደ መኪናዋ ሄድን። ጫንሁ። ዝም። ፍሬቻ አይበራ፣ በር አይንቃ። ሁለቱንም በተን በየተራ፣ በሩ ሥር ቆሜ። ዝም።

«አየህ፣ ኮዱ ነው» አሉ አጎቴ። ከዚያ ደግሞ ምናልባት የቴሌ ማማው ሰፈሩን በሞገድ አጥለቅልቆት ይሆናል አሉ። መኪናዋን ወደ ዓባይ ማዶ ነድተን ሞከርነው፤ አዲሱን ድልድይ ለመሻገር ሰበብ ሆነን እንጂ ለሪሞቱ ያመጣለት ነገር የለም።

ቀይ መብራቷ በራች ማለት ሪሞቱ ያስተላልፋል ማለት አይደለም። መብራቷ የምትነግረን ባትሪው ቦርዱን እንደመገበና በተኑ እንደሠራ ብቻ ነው። ከእሷ ወዲያ ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል አለ። ያንን በምን እናያለን? የቴሌቪዥን ሪሞት በስልክ ካሜራ ይታያል፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ብልጭ ሲል። ብዙ ሰው የመኪናንም እንዲሁ ሞክሮ «ሞቷል» ይላል። የቴሌቪዥኑ የማይታይ ብርሃን ነው የሚልከው፣ የመኪናው ግን ሬዲዮ ነው። ካሜራ ሬዲዮ አያይም።

ሰኞ ማታ

ፖሊ ካምፓስ የሚያስተምር ወዳጄ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው ዕቃ አለው። ለቴሌቪዥን መቀበያነት ተሠርቶ የነበረ፣ እንደ ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ዕቃ ነው፤ ሰዎች ቺፑ ብዙ ዓይነት የሬዲዮ ሞገድ ማዳመጥ እንደሚችል ካወቁ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይጠቀሙበታል። ላፕቶፑ ላይ ሞገዱ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ ዝም ያለ አየር ሰማያዊ፣ የሚያስተላልፍ ነገር ሲኖር ደመቅ ያለ ቢጫ መስመር።

ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ሪሞቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ312 እስከ 315 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ናቸው። የሰሜን አሜሪካዎቹ 315፣ የአውሮፓዎቹ 433.92። ይህ ልዩነት ለገዢ ትልቅ ነገር ነው፦ ቅርጹ፣ በተኑ፣ የቶዮታው ምልክት አንድ ሆኖ ፍሪኩዌንሲው ሌላ የሆነ ሪሞት ተገዝቶ ዓለም ቢሰበሰብ ፕሮግራም አይሆንም። መኪናዋ በዚያ ጣቢያ አትሰማም።

ወዳጄ በ312 ዙሪያ አስተካከለው። በተኑን ጫንሁ፤ ቢጫው መስመር ከ312 ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰንዝሮ ወጣ። ጥርት ያለ፣ ሳይንከራተት። ይህ ደስ አሰኘኝ፤ ሪሞት አስፋልት ላይ ሲወድቅ ፍሪኩዌንሲውን የሚጠብቀው ሪዞኔተር አንዳንዴ ይሰነጠቅና ያስተላልፋል ግን ከጣቢያው ወጥቶ ያስተላልፋል። የኛው በጣቢያው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሌለው ሰው ፍሪኩዌንሲ መለኪያ ያለው ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄዶ ማስለካት ይችላል፤ ብዙዎቹ አላቸው። የሚያስጠይቀው ጥያቄ «ያስተላልፋል ወይ? በስንት?» የሚል ብቻ ነው።

ሻይ እየጠጣን ወዳጄ «ቆጣሪው ርቆ ይሆን?» አለ። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። እንዲህ ያለ ሪሞት በተጫነ ቁጥር የሚልከው መልእክት ይለያያል፤ ሌባ ቀድቶ ደግሞ ቢልከው እንዳይሠራ። አሠራሩ የደረሰኝ ጥራዝ ይመስላል፦ ሪሞቱ በእያንዳንዱ መጫን አንድ ቁጥር ወደፊት ይሄዳል፣ መኪናዋ የመጨረሻውን ያየችውን ቁጥር ትይዛለች፣ ከዚያ ያነሰ ከመጣ አትቀበልም፣ በጥቂቱ የበለጠ ከመጣ ትቀበላለች። ኪሎክ በሚባለው የታወቀ ሥርዓት ይህች የመቀበያ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 16 ናት፤ ከዚያ ካለፈ ግን ተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲጫን መኪናው አመዛዝኖ እንደገና ይያያዛል። ኪሎክ፣ መቼም ወዳጄ ይህን ሳይነግረኝ አያድርም፣ የተሠራው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ቶዮታዋ የራሷ ሥርዓት ይኑራት እንጂ መርሁ ያው ነው። ልጆች ሪሞቱን መጫወቻ አድርገውት ቢሆን እንኳ በሩ ሥር ደጋግመን ስንጫን መያያዝ ነበረባት። አልተያያዘችም። ደግሞም ሪሞቱ ኃይል ሳያገኝ የከረመ ነው፣ ቢጫኑትም ቁጥር አይጨምርም።

ስለዚህ ሪሞቱ ነጻ ወጣ። ጥፋቱ መኪናዋ ዘንድ ነው።

ማክሰኞ

መኪናዋን በተራ አየሁ። በሹፌሩ በር ላይ ያለው መቆለፊያ አራቱንም በሮች ይቆልፋል ይከፍታል፤ ሞተሮቹ ደህና ናቸው። የሳሎኑ መብራት ይበራል፤ በብዙ ቶዮታዎች የዚያ መብራት ፊውዝ ሌሎች ትንንሽ ነገሮችንም ስለሚመግብ ሁልጊዜ የማየው ነው። ክሩስኮቶው ላይ በር ተከፍቷል የሚል ምልክት የለም። ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ ሪሞቱ አይሰማም፤ አልተሰካም።

ይህን ሁሉ ሳደርግ አጎቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። «ሌላ ሰው ነክቶታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማን ይነካዋል… ያ የጎረቤቱ ልጅ ነው እንጂ። ባትሪው የተቀየረ ለታ ማታ ከስልኩ ላይ አይቶ ቁልፉን ሲያስገባ ሲያወጣ፣ በሩን ሲከፍት ሲዘጋ አመሸ። ልፋቱን ባየህ። በሩ ራሱ ቋ ቋ ብሎ ሁለት ጊዜ ተቆልፎ ተከፈተ፤ ሠራ ብለን ተደሰትን፣ ከዚያ ምንም።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት።»

ያች ሁለት ሁሉን ነገረችኝ። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ሪሞት የሚመዘገበው ያለ ማሽን ነው፤ በቁልፉና በበሩ በተወሰነ ቅደም ተከተል። በመጨረሻው ላይ ቁልፉ ከመዝጊያው ወደ ማብሪያው ተዞሮ የሚመለስበት ብዛት ሥራውን ይወስናል። አንድ ጊዜ ከሆነ አዲሱን ሪሞት በነበሩት ላይ ይጨምራል። ሁለት ጊዜ ከሆነ የነበሩትን ሁሉ ይሰርዝና እንደ አዲስ ይጽፋል። ሦስት ስንት ሪሞት እንደተመዘገበ ለማየት ነው፤ አምስት ደግሞ ሪሞቶቹ እንዳይሠሩ ለመከልከል። መኪናዋ በሮቿን በዚያው ቁጥር ቆልፋ ከፍታ «ገባኝ» ትላለች። ልጁ ሁለት ጊዜ አዙሯል፣ መኪናዋም ሁለት ጊዜ መልሳለች፣ የነበረውንም ሰርዛለች። ከዚያ አዲሱን ሪሞት ጠበቀች፤ ሪሞቱ ደግሞ በተሰነጠቀ እግር ምክንያት ኃይል የለውም፣ ምን ይልካል? ባዶ መዝገብ ይዛ ቀረች።

የሪሞቱ ኮድ አልጠፋም ነበር፤ መኪናዋ ሪሞቱን እንድትረሳው ያደረገው «ኮዱ ጠፍቷል» ተብሎ የተሠራው ሥራ ነው። ልጁን አልፈርድበትም፣ ለጎረቤት ብሎ ነው ያመሸው። ግን ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ አንድና ሁለት ምን እንደሚለያዩ ሳይናገር ማለፉ ያናድዳል።

ረቡዕ

ምዝገባው። ከመጀመሬ በፊት ለአጎቴ ግልጽ አድርጌ ነገርኳቸው፦ የምንነካው የበሩን ሪሞት ብቻ ነው፤ ሞተር የሚያስነሳው ቺፕ ምዝገባው ለብቻው ነው፣ እሱ በዲያግኖስቲክ ማሽን እንጂ በዚህ መንገድ አይነካም። ስለዚህ ብንሳሳት እንኳ መኪናዋ ቆማ አትቀርም።

የሹፌሩ በር ክፍት፣ ሌሎቹ ዝግ፣ ሁሉም መቆለፊያ የተከፈተ፣ ቁልፉ ውጭ። ከዚያ ቁልፉን አስገብቶ ማውጣት፣ በሩን ዘግቶ መክፈት፣ እንደገና ቁልፉን፣ እንደገና በሩን። ብዛቱ እንደ ሞዴሉና እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ የራስን መኪና መመሪያ ይዞ መሥራት ነው። ልብ የሚባለው ነገር ጊዜው ነው፤ እየተቆጠረ ነው፣ መሐል ላይ ስልክ ካነሱ ከመጀመሪያው ነው። በመጨረሻ ቁልፉ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ወደ ማብሪያው አንድ ጊዜ ብቻ አዞርኩት፣ መለስሁት፣ አወጣሁት።

በሮቹ አንድ ጊዜ ተቆለፉ፣ ተከፈቱ።

ሁለቱን በተኖች አንድ ላይ አንድ ሰከንድ ያህል ያዝኋቸው፣ ለቀቅሁ፣ ወዲያው አንዱን ብቻውን ጫንሁ። በሮቹ ደግመው አንድ ጊዜ ብቻ ጮሁ። ይህ ነው የሚፈለገው፤ ሁለት ጊዜ ቢሆን አልተቀበልኩም ማለቷ ነበር። በሩን ከፍቼ ከሥርዓቱ ወጣሁ፣ ወረድሁ፣ ዘጋሁ፣ ጫንሁ። ፍሬቻው በራ፣ በሮቹ ተቆለፉ።

አጎቴ ሪሞቱን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው ሞከሩት፤ ከዚያ የጎረቤቱን ልጅ ጠርተው አሳዩት። ልጁ አንዱንና ሁለቱን አስረድቼው ስልኩ ላይ ጻፈ።

ርቀቱን ለመለካት ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው በኩል አቁመናት እየራቅሁ ጫንሁ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ላይ ያለምንም ማቅማማት ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ የባጃጆች ሰልፍ መሐል ገባና ተውሁት። ለአጎቴ ይበቃል፣ እሳቸው ከመኪናቸው ዐሥር እርምጃ ርቀው አያውቁም።

የቀረው ጥቃቅን ነው። የተሰነጣጠቀውን የጎማ ማሸጊያ አውጥቼ ጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሲሊኮን ቀባሁ፣ በተኑ ሥር እንዳይገባ እየተጠነቀቅሁ፤ ሲደርቅ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘጋ። ያቺን የተበላች ቪቴ በሌላ ለወጥኋት። በሚቀጥለው ጊዜ ባትሪ የሚቀይር ሰው ወፍራሙን እንዳይሞክር በክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ በማይጠፋ እስክሪብቶ 2016 ብዬ ጻፍሁ። አጎቴ ቁልፉን ሌሊት ከመስኮት ሥር አንስተው ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲያኖሩ ተነጋገርን።

አሁን የሚፈልጉት ተለዋጭ ቁልፍ ነው፤ በአንድ ቁልፍ መኖር አስፈራቸው። ቁልፍ ቀራጩ ከጃፓን ቪትዝ የወጣ ሪሞት እንዳለው ነግሮኛል። ከመግዛታችን በፊት ቅዳሜ ወዳጄ ጋ ወስጄ በኤስዲአሩ አየዋለሁ፤ ከ312 ትንሽ ከፍ ብሎ ከወጣ እንወስደዋለን፣ 433 ላይ ከወጣ ይቀመጥለት። ቺፑን ለመመዝገብ ማሽን ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ወረፋ አስይዘናል።